ጎን ጋሪ ያለው የተራራ ብስክሌት በአዲስ አበባ ዳርቻ

የጎን ጋሪ ወይም ሳይድካር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የድሮ ሞተር ሳይክል ነው። ይህ ባለ አንድ ጎማ ጋሪ ብስክሌት ላይም በጎን ይገጠማል። ፊሊፒንስ ውስጥ «ፓድያክ»፣ ማይናማር ውስጥ ደግሞ «ሳይካ» እየተባለ ሰው ያመላልሱበታል፣ እንጀራም ይበሉበታል። አዲስ አበባ ላይ ግን ብርቅ ነው። በለገጣፎ፣ በየካ አባዶ፣ በሱሉልታ ወይም በአቃቂ በኩል የሚፈልገው ሰው የራሱን ብስክሌት ይዞ ሰፈር በያጅ ዘንድ ከመሄድ ሌላ አማራጭ የለውም። በዚህ አካባቢ ከሌላው ይልቅ የተራራ ብስክሌት የሚመረጠው በጥርጊያውና በኮብልስቶኑ፣ ከሁሉም በላይ በዳገቱ ምክንያት ነው። ከአቃቂ ሜዳ እስከ እንጦጦ ጫፍ ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል።

መነሻው የብረት ፍሬም ነው። አሉሚኒየም ብየዳው ያሞቀው ቦታ ጥንካሬውን ስለሚያጣ አይነካም። ብረቱም ቢሆን የቧንቧው ግድግዳ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ኤሌክትሮድ በቀላሉ ይበሳዋል። ብየዳው ለጋሪው ይተውና ብስክሌቱ በማቀፊያና በቡሎን ይያዝ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ግማሽ ቀን የዞረ ሰው ቱቦላሬውንም፣ ቡሎንና ዳዶውንም፣ ዕድል ከቀናው የተሽከርካሪ ወንበር ጎማም ይዞ ይመለሳል። ይህ ጎማ በአንድ ወገን ብቻ ተይዞ እንዲዞር የተሠራ ነው። ተራው የብስክሌት ጎማ በሁለቱም ወገን መያዝ ስላለበት ለብቻው ከተንጠለጠለ አክስሉ ይጎብጣል፤ እሱን የሚጠቀም ሰው የጋሪውን ብረት በውጭ በኩል አዙሮ ያቅፈዋል።

ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. የመኪና መንገዷን ከግራ ወደ ቀኝ ስላዞረች የጋሪው ቦታ ቀኝ ነው፤ የተጫነው ሰው የሚወርደው ወደ ዳር ነው። ጣጣው ካቴናውና ማርሹም በቀኝ መሆናቸው ነው። የኋላው ማያያዣ ማርሽ ቀያሪውን ማለፍ፣ የፊተኛው ደግሞ ለቀኝ ፔዳልና ለጫማ ቦታ መተው አለበት። እኔ የመጀመሪያውን ሳሠራ ይህን ልብ አላልኩም፤ ቁርጭምጭሚቴ አስታወሰኝ። ማያያዣው ቢያንስ በሦስት ቦታ መያዝ አለበት፣ ሁለቱ ከታች፣ አንዱ ከመቀመጫው ቧንቧ ላይ። የጎኑ ጎማ ከኋላው ጎማ ትንሽ ቀደም ይላል፣ አፍንጫውም በጥቂቱ ወደ ብስክሌቱ ይዞራል። ብስክሌቱ ደግሞ ከጋሪው ሸሽቶ ጥቂት ወደ ግራ ያዘነብላል። የጎማውን አዟዟር ለማወቅ ሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎች ከጎማዎቹ ጎን አጋድሞ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ከፊትም ከኋላም በሜትር መለካት ይበቃል። ይህ ካልተስተካከለ መሪው ቀኑን ሙሉ ወደ ቀኝ ሲጎትት ክንድ ይዝላል።

ስፋቱም ይታሰብበት። ጋሪው ሲጨመር በግቢው በር ላይ ባለችው ትንሿ የሰው መግቢያ የማያልፍ ከሆነ በወጡ በገቡ ቁጥር ትልቁን በር መክፈት ነው።

አነዳዱ ከባዶ ይጀመራል፤ ብስክሌት ለዓመታት የነዳ ሰው እንዲያውም ይቸገራል። ብስክሌት የሚታጠፈው በማዘንበል ነው፣ ይሄኛው ግን አያዘነብልም፤ መሪው እንደ መኪና በጉልበት ይዞራል። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የጎኑ ጎማ ከመሬት ይነሳል። ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ በሙሉ እሱ ላይ ይወድቃል። ፔዳል በኃይል ሲረገጥ ጋሪው ወደ ኋላ ስለሚቀር የብስክሌቱ አፍንጫ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ፍሬን ሲያዝ ጋሪው ስለሚቀድም ወደ ግራ። ጎማዎቹም ጎንዮሽ ስለሚገፉ የቸርኬው ሽቦ ቶሎ ይላላል፤ 36 ሽቦ ያለው ቸርኬ ይመረጣል።

ከዚህ የሚመጣ አንድ ነገር ሰውን ያስገርማል፦ ውሃ ለመቅዳት ባዶ ጀሪካን ይዞ መሄድ ሞልቶ ከመመለስ ይከፋል። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 40 ኪሎ ናቸው፤ ጋሪውን መሬት ላይ ያስቀምጡታል። ባዶውን ግን የመጀመሪያው የቀኝ መታጠፊያ ያነሳዋል። ስለዚህ ሲሄዱ አንዱን ጀሪካን ግማሽ ሞልቶ መያዝ ወይም አሸዋ በማዳበሪያ መጫን ያስፈልጋል። ለበዓል በግ የሚጭንም ሰው አለ፤ በግ ግን መታጠፊያ ላይ ድንገት የሚነሳ ጭነት ነው፣ አራት እግሩን አስሮ ማጋደም ነው።

ለዳገት ከፊት 22፣ ከኋላ 34 ጥርስ ያለው ማርሽ ጥሩ ነው፤ በ26 ኢንች ጎማ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር 1.3 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሱሉልታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ስለሚሳሳ የእግር ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የሳንባም ነው። ቁልቁለቱ የባሰ ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ጭነት ይዞ በላስቲክ ፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ቸርኬው ግሎ ከመነዳሪው ሊፈነዳበት ይችላል። የዲስክ ፍሬን ይሻላል፤ እሱም እየቆሙ የሚያሳርፉት ከሆነ ነው። የኮብልስቶኑ ንዝረት ዳዶ ስለሚፈታ በየቡሎኑ ሁለት ሁለት ዳዶ ይጠበቃል። መንገዱ ወደ ዲቹ ባዘነበለ ቁጥር ደግሞ ጋሪው ዝቅ ባለው ወገን ስለሆነ ሁሉንም ይዞ ወደ ዲቹ ያመራል፤ መንገዱ ነጻ ከሆነ ወደ መሐል መጠጋት ነው።

ክረምት ሲገባ አቃቂ በኩል ያለው መረሬ ጭቃ ጎማና ብረቱ መሐል ገብቶ ይጠቀጠቃል፤ የጎኑ ጎማ መዞሩን ትቶ ይንሸራተታል። ያኔ ማቀፊያዎቹን በቁልፍ ፈትቶ፣ ጋሪውን አንድ ሰው ተሸክሞ፣ ብስክሌቱን ሌላው እየገፋ ወደ ቤት መግባት ነው። እስከ መስከረም ጋሪው ከጣሪያ ሥር ይቀመጣል።