«መሬቱ የራሴ ነው»፦ በአሜሪካ ገጠር ቤት ገዝቶ ስለመሥራት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የቤት ዋጋ አልቀመስ ሲል ወደ ቨርጂኒያ ገጠር ካውንቲዎች (የስቴቱ ወረዳዎች) ራቅ ብለው ሰፊ ግቢ ያለው ቤት የሚገዙ ወገኖች አሉ። ትራኩን ደጃፍ ላይ ማቆም፣ እንጀራ ጋግሮ ለሱቆች ማከፋፈል፣ ሕፃናት መያዝ፤ ዕቅዱ ከመኖር ያለፈ ነው። ችግሩ የሚቀባበሉት ምክር ብዙ ጊዜ ከሌላ ስቴት የመጣ መሆኑ ነው።

«ገጠር ዞኒንግ የለም»

ዞኒንግ ማለት በየትኛው መሬት ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል የሚወስን የአካባቢ ደንብ ነው። «የለም» የሚለው ወሬ ከቴክሳስ የተነሣ ይመስለኛል። እዚያ እውነትነት አለው፤ ከከተማ ክልል ውጭ ባለ መሬት ላይ የቴክሳስ ካውንቲዎች አጠቃላይ የዞኒንግ ሥልጣን የላቸውም። እዚያም ቢሆን ግን ሴፕቲክ (ፍሳሹን ግቢ ውስጥ ወደ መሬት የሚያሰርግ ታንክ) ለመትከል አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከባለቤትነት ሰነዱ ጋር የሚተላለፍ ገደብም ሊኖር ይችላል። ዞኒንግ የላትም የምትባለው ሂውስተን እንኳ ብዙ ሰፈሮቿ በእንዲህ ያለ ገደብ የታሰሩ ናቸው። የቨርጂኒያ ካውንቲዎች ግን ዞኒንግ የማውጣት ሥልጣን አላቸው፤ ዲሲን የሚከቡትም ይጠቀሙበታል።

«ሰነዱ ላይ ‹አግሪካልቸራል› ስለሚል የፈለግሁትን እሠራለሁ»

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የእርሻ ዞን ማለት እርሻ የሚፈቀድበት ማለት እንጂ ሁሉ የሚፈቀድበት ማለት አይደለም። ጎረቤትህ ገበሬ ከብት የሚጭንበት ትልቅ መኪና ግቢው ውስጥ ቢቆም የእርሻው አካል ነው። ያንተ ባለ 18 ጎማ ግን ከሌላ ስቴት የሱቅ ዕቃ ጭኖ ይመለሳል፤ ግቢህ ውስጥ ዶሮ ስላለ ብቻ የእርሻ መኪና አይሆንም። ሁለቱ መኪኖች መልካቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ሕጉ የሚያየው ለምን ሥራ እንደዋሉ ነው። አንዳንዱ ካውንቲ ለአንድ ትራክ በቂ ስፋትና ከአጥር የራቀ ማቆሚያ ካለ ይፈቅዳል፣ ሌላው ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ሌላው ጨርሶ ይከለክላል። ድንበር የሚጋሩ ሁለት ካውንቲዎች እንኳ አይመሳሰሉም። ስለዚህ የጓደኛ ትራክ በጓደኛ ግቢ ቆሞ ማየት ማስረጃ አይሆንም።

«ኤልኤልሲ አውጥቻለሁ፣ ፈቃድ አለኝ»

ኤልኤልሲ፣ ማለትም ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት፣ የሚመዘገበው በስቴቱ የኮርፖሬሽን ኮሚሽን ነው፤ በቨርጂኒያ ክፍያው 100 ዶላር ነው። ኮሚሽኑ ድርጅትህን ይመዘግባል እንጂ ሥራው በየትኛው ግቢ እንደሚሠራ አይመለከተውም። ያ የካውንቲው ጉዳይ ነው።

«እንጀራ ከቤት መሸጥ በሕግ ተፈቅዷል»

በከፊል። ቨርጂኒያ ማቀዝቀዣ የማያስፈልጋቸውን አንዳንድ የዳቦና የኬክ ዓይነት ምግቦች ያለ ምርመራ ከቤት መሸጥ ትፈቅዳለች። ሽያጩ ግን በቀጥታ ለሚበላው ሰው መሆን አለበት፤ መለያው ላይም ለዳግም ሽያጭ እንዳልሆነና ያለ ስቴት ምርመራ እንደተዘጋጀ መጻፍ ግዴታ ነው። ሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ እንጀራ ከዚህ ነፃነት ውጭ ነው፤ ለዚያ የስቴቱ የግብርና መሥሪያ ቤት ማድቤቱን መርምሮ ማጽደቅ አለበት። ቤት ውስጥ የሚገባ ውሻ ወይም ድመት ካለ ጥያቄው እዚያው ላይ ይቆማል። ፖቶማክን ተሻግረው ሜሪላንድ ሲገቡ ሕጉ ይለወጣል፤ እዚያ ከቤት የተዘጋጀ ምግብ በተወሰነ ሥርዓት ለሱቅ ማስረከብ ይቻላል። የአንዱን ምክር ለሌላው ማውረስ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ማድቤቱ ቢፈቀድ እንኳ ገጠር ውስጥ ሌላ ጣጣ አለ፤ ውኃው ከጉድጓድ ይቀዳል፣ ፍሳሹም ወደ ሴፕቲክ ይሄዳል። በቨርጂኒያ የመኖሪያ ቤት ሴፕቲክ የሚለካው በመኝታ ክፍል ነው፤ ለአንድ ክፍል በቀን 150 ጋሎን። ባለ ሦስት መኝታ ቤት 450 ጋሎን ታስቦለታል ማለት ነው። ከሊጡ ላይ የሚቀዳው ውኃ፣ የበርሜል እጥበቱ፣ ወደ ቧንቧ የሚወርደው ሊጥ በዚህ ስሌት ውስጥ አልነበሩም። የማስረጊያው መሬት ከተደፈነ በኋላ ማስቆፈር ከምጣዶቹ ሁሉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

«ከጠየቅኋቸው ይከለክሉኛል»

ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ደንበኛ የማይመላለስበት፣ ምልክት የማይሰቀልበት፣ ቤተሰቡ ብቻ የሚሠራው ሥራ በአብዛኛው በቢሮ ደረጃ ብቻ ያልቃል። ሕፃናት በመያዝ በኩል ደግሞ የቨርጂኒያ ሕግ ራሱ ለጠያቂው ያደላል፤ ከአንድ እስከ አራት ልጅ የሚያዝበትን ቤት ዞኒንጉ እንደ ማንኛውም የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ እንዲያየው ያዛል። ፍሎሪዳም ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ካውንቲዎችና ከተሞች የቤት ውስጥ ሥራን እንዳይከለክሉ ገድባለች፤ ከቤቱ ነዋሪ ውጭ እስከ ሁለት ሠራተኛ ማሠራትም ይቻላል።

«የቀድሞው ባለቤት ጋራዥ ነበረው፣ እኔም እቀጥላለሁ»

ሥራው ሲጀመር ሕጋዊ ከነበረና ካልተቋረጠ፣ ደንቡ በኋላ ቢለወጥም ሊቀጥል ይችላል። በቨርጂኒያ ከሁለት ዓመት በላይ ከተቋረጠ ግን መብቱ ይጠፋል። ሲጀመርም ያለ ፈቃድ ከነበረ የሚወረስ ነገር የለም፤ ሻጩ ለዓመታት ሳይነካ መኖሩ የሚያሳየው የከሰሰው ጎረቤት አለመኖሩን ብቻ ነው። ካውንቲዎች ብዙ ጊዜ የሚንቀሳቀሱት በአቤቱታ ነው። ቤቱን ከመፈረማችሁ በፊት የመሬቱን መለያ ቁጥር ይዛችሁ የዞኒንግ ቢሮውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የሻጭ ወኪል «ችግር የለውም» ማለት ቢሮውን አያስገድደውም።

«ደብዳቤ ቢመጣ ዝም ስል ይረሱታል»

በቨርጂኒያ የጥሰት ማስታወቂያ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ለዞኒንግ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ ካልተጠየቀ ውሳኔው የመጨረሻ ይሆናል፤ በኋላ ጠበቃ ቢቀጠርም ዋናውን ክርክር መልሶ መክፈት ይከብዳል። በመኖሪያ ዞን ውስጥ የንግድ ትራክ ስለማቆም ከሆነ ደግሞ ካውንቲው ጊዜውን እስከ 10 ቀን ሊያሳጥረው ይችላል። ለሳምንታት መንገድ ላይ የሚሰነብት ሾፌር ሲመለስ ፖስታውን ሳይከፍት ቀኑ አልፎ ሊያገኘው ይችላል።