ጥቁር ፊት፣ ጥቁር እጅ፦ የአሜሪካ ኮሚክ መጻሕፍት ሌላው ታሪክ

በአማርኛ «ኮሚክ» ሲባል ብዙዎቻችን ቀድመን የምናስበው ጨዋታ አዋቂውን፣ ሰው የሚያስቀውን ነው። እዚህ ግን የምናወራው በሣጥን በሣጥን ተከፍሎ፣ በሥዕልና በንግግር ስለሚተረክ መጽሐፍ ነው። በአሜሪካ ይህ ጥበብ ከጋዜጣ ገጽ ተነሥቶ በ1930ዎቹ ራሱን የቻለ ርካሽ መጽሔት ሆነ፤ ዛሬ የፊልም ሠሪዎች ጎተራ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ከመጀመሪያው አንሥቶ በዚህ ታሪክ ውስጥ አሉ፤ አንዳንዴ በሥዕሉ ላይ መሳለቂያ ሆነው፣ አንዳንዴ ከሥዕሉ ጀርባ ስማቸው ሳይጠራ። የጥቁር ገጸ ባሕርያት ታሪክና የጥቁር ሠዓሊዎች ታሪክ ግን ለየብቻ የተጓዙ ናቸው። የተገናኙባቸው ጊዜያት ጥቂት ስለሆኑ ይህ ዳሰሳ በእነሱ ላይ ይቆያል። ዓመታቱ፣ ሌላ ምልክት ከሌለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጋዜጣ ገጽ ላይ

«ክሬዚ ካት» የተባለውን የጋዜጣ ሥዕል ከ1913 እስከ 1944 የሣለው ጆርጅ ሄሪማን በ1880 በኒው ኦርሊንስ የተወለደ ሰው ነው። በሥራ ቦታው «ግሪኩ» ይሉት ነበር። ባርኔጣ ከራሱ አይለይም። ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1971፣ የልደት መዝገቡ ሲገኝ ጥቁሮች ይመዘገቡበት በነበረው «ባለ ቀለም» የሚል ቃል ተመዝግቦ ተገኘ። ከዘመኑ ታላላቅ የሥዕል ተራኪዎች አንዱ ትውልዱን ሳይናገር ኖሮ ሳይናገር ሞተ።

መደበቅ የማያስፈልጋቸው ለጥቁሮች ጋዜጦች የሚሠሩት ነበሩ። ከነዚህ ጋዜጦች አንዱ፣ ፒትስበርግ ኩሪየር፣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን ስትወር ጋዜጣው ጆኤል ኦገስተስ ሮጀርስን ዘጋቢ አድርጎ ወደዚህ ልኮታል። ሮጀርስ በዚያው ጋዜጣ ላይ የጥቁር ሕዝቦችን ታሪክ በሥዕልና በአጫጭር ጽሑፍ የሚያቀርብ ዓምድ ነበረው፤ ሥዕሉን ሌሎች ይሥሉለታል፣ ቃሉ የእሱ ነው።

ጃኪ ኦርምስ ብቅ ያለችውም በኩሪየር ነው። በ1937 የጀመረችው ሥዕላዊ ታሪክ ባለቤት ቶርቺ ብራውን ከሚሲሲፒ ገጠር ተነሥታ ዘፋኝ ለመሆን ሃርለም ወደተባለው የኒው ዮርክ ጥቁሮች ሰፈር የምትሄድ ልጅ ናት፤ ጥቁሮች ከደቡብ ወደ ሰሜን ከተሞች በገፍ ይፈልሱ በነበረበት ዘመን አንባቢው ራሱን ወይም እኅቱን ያይባታል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ኦርምስ «ፓቲ ጆ እና ጂንጀር» የተባለ ባለ አንድ ሣጥን ሥዕል ጀመረችና እስከ 1956 ዘለቀችበት። ሥራው ቀላል ይመስላል። ጂንጀር ቆንጆ፣ ዘናጭ፣ አንድ ቃል የማትናገር ታላቅ እኅት ናት፤ ፓቲ ጆ ደግሞ አፏ የማያርፍ ሕፃን። የምትናገረው ሁልጊዜ ሕፃኗ ብቻ ናት።

በ1955 ኤሜት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ልጅ፣ ለነጭ ሴት አፏጭቷል ተብሎ በሚሲሲፒ በጭካኔ ተገደለ፤ የተከሰሱት ነጮችም በነጻ ተለቀቁ። ኦርምስ ስሙን አላነሣችም። ፓቲ ጆ ወደ ታላቅ እኅቷ መጥታ፣ ነገር አካበድሽ እንዳትዪኝ እንጂ ያቺ አዲሷ ትንሽ ነጭ የሻይ ማንቆርቆሪያ አሁን አፏጨችብኝ አለቻት፤ ያ ብቻ ነው። ያን ሳምንት ጋዜጣውን የገዛ ሁሉ ነገሩ ገብቶታል። ኤፍ ቢ አይ በኦርምስ ላይ ከ200 ገጽ በላይ መዝገብ አከማችቷል።

ከዚህ ሁሉ ጋር በ1947 ፓቲ ጆ አሻንጉሊት ሆና ተሸጠች። በጊዜው የጥቁር አሻንጉሊት ሲባል በብዛት የሚገኘው ገረድ ወይም መሳቂያ ነበር፤ ይህቺ ግን የሚቀያየር ጥሩ ጥሩ ልብስ የነበራት ሕፃን ናት። ኦርምስ በ1985 ሞተች። የሙያው የክብር መዝገብ ስሟን ያሰፈረው በ2018 ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ የታተመው መጽሔት

በዚያው በ1947 ፊላዴልፊያ ውስጥ ኦሪን ኢቫንስ የተባለ ጥቁር ጋዜጠኛ ሥራ ፈታ፤ ይሠራበት የነበረው ፊላዴልፊያ ሪከርድ ከሠራተኞች አድማ በኋላ ተዘግቶ ነበር። ኢቫንስ ከቀድሞ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አሳታሚ አቋቋመና በጁን ወር «ኦል ኒግሮ ኮሚክስ» ቁጥር 1ን አወጣ። ባለ 48 ገጽ፣ ዋጋው 15 ሳንቲም፤ ሌሎቹ መጽሔቶች በ10 ሳንቲም ይሸጡ ነበር። በመግቢያው ላይ፣ በእነዚህ ገጾች ያለው እያንዳንዱ የብሩሽና የብዕር መሥመር የጥቁር ሠዓሊዎች ነው የሚል ሐሳብ ሰፍሯል። እንዲህ ያለ መጽሔት በአሜሪካ ከዚያ በፊት አልታየም።

ውስጡ ኤስ ሃርለም የተባለ መርማሪ ፖሊስ አለ፤ ለትንንሾቹ ደግሞ ተረት መሰል ታሪክ። በይበልጥ የሚያስደንቀው የኢቫንስ ወንድም የሣለው «አንበሳው ሰው» ነው። አሜሪካ ተወልዶ የተማረ ሳይንቲስት ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በዛሬዋ ጋና የሚገኝ የዩራኒየም ተራራ እንዲጠብቅ ልኮታል። በአፍሪካ ውድ ማዕድን ያለበት ተራራ፣ የሚጠብቀውም የተማረ ጥቁር ጀግና! ማርቬል የተባለው ታላቅ አሳታሚ ዋካንዳ ስለተባለችው የልብ ወለድ አፍሪካዊት አገር ከማሰቡ 19 ዓመት በፊት ነው። አንዱ ከሌላው ወሰደ ለማለት ማስረጃ የለም፤ ቀኑን ግን ማየት ደግ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ተዘጋጅቶ ሳለ ወረቀት ሻጮቹ ለኢቫንስ የጋዜጣ ወረቀት አንሸጥም አሉት። በቂ ጥበብ፣ በቂ ተረት፣ ገንዘብም ነበር፤ የጠፋው ወረቀት ነው። ኢቫንስ ወደ ጋዜጠኝነቱ ተመለሰ። መጽሔቱም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በጥቂት ሰብሳቢዎች እጅ ብቻ የሚገኝ ብርቅ ዕቃ ሆኖ ቆይቶ፣ 75ኛ ዓመቱን አስመልክቶ እንደገና ታትሟል።

ፊቱ ጥቁር፣ ብዕሩ የነጭ

በገበያ ላይ የነበሩት ታላላቅ መጽሔቶች በዚያ ዘመን ጥቁርን የሚሥሉት ከንፈሩን አግዝፈው፣ ዓይኑን አፍጥጠው፣ ንግግሩን አኮላትፈው ነበር። በ1940 የጀመረው የ«ዘ ስፒሪት» ጀግና ረዳት፣ ኢቦኒ ዋይት፣ ለዚህ ዋናው ምሳሌ ነው። በሌላ በኩል ማት ቤከርን የመሰለ ጥቁር ሠዓሊ በ1940ዎቹ የዘመኑን ምርጥ ሴት ገጸ ባሕርያት ይሥል ነበር፤ የሚሥላቸው ግን ነጮች ናቸው፣ አንባቢውም የሠዓሊውን ቀለም አያውቅም።

በ1953 ኢሲ የተባለው አሳታሚ «የፍርድ ቀን» የሚል አጭር ታሪክ አወጣ። ከምድር የተላከ የጠፈር ተጓዥ የሮቦቶችን ዓለም ይመረምራል። ብርቱካናማዎቹና ሰማያዊዎቹ ሮቦቶች ከውጭ ሽፋናቸው በቀር አንድ ናቸው፤ ሰማያዊዎቹ ግን በተለየ ሰፈር ይኖራሉ፣ የከፋውን ሥራ ይሠራሉ። ተጓዡ፣ ወደ ጠፈር ማኅበራችን ለመግባት ገና ናችሁ ብሏቸው ይሄዳል። በመጨረሻዋ ሣጥን የራስ ቁሩን ሲያወልቅ ጥቁር ሰው ነው፤ በፊቱ ላይ ያለው ላብ በመርከቡ ብርሃን እንደ ሩቅ ከዋክብት ያበራል። በ1956 አሳታሚው ታሪኩን እንደገና ሊያትም ሲል፣ የኮሚክ መጽሔቶችን ሥነ ምግባር ይቆጣጠር የነበረው አካል ሰውየው ጥቁር መሆኑ ቀርቶ እንዲሣል ጠየቀ። ሰውየው ነጭ ከሆነ ታሪኩ ምን ይቀረዋል? አሳታሚው እምቢ ብሎ እንዳለ አተመው፤ ኢሲ ያወጣው የመጨረሻ ኮሚክ መጽሔትም እሱ ሆነ። ደራሲውም ሠዓሊውም ነጮች ነበሩ።

ጁላይ 1966 የማርቬሎቹ ደራሲ ስታን ሊና ሠዓሊ ጃክ ከርቢ «ብላክ ፓንተር» የተባለውን ጥቁር ጀግና በ«ፋንታስቲክ ፎር» ቁጥር 52 አስተዋወቁ። ጀግናው፣ ንጉሥ ቲቻላ፣ የዋካንዳ፣ ማለትም ቅኝ ያልተገዛች፣ በቴክኖሎጂ ከሁሉ የቀደመች የአፍሪካ አገር ገዢ ነው። ይህን ሲያነብ ዓድዋን የማያስታውስ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ይመስለኛል። ተመሳሳይ ስም ያለው የጥቁር አሜሪካውያን የፖለቲካ ፓርቲ የተመሠረተው ከዚያ በኋላ፣ በኦክቶበር ነው። ለመጀመሪያው ሽፋን ተሥሎ በነበረው ሥዕል ላይ የንጉሡ ግማሽ ፊት ይታይ ነበር፤ ለገበያ የቀረበው ግን ፊቱ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነው ነው።

ከዚያ በኋላ ሌሎች ጥቁር ጀግኖች፣ ፋልከን በ1969፣ ሉክ ኬጅ በ1972፣ ነፋስና ዝናብ የምታዝዘው ስቶርም በ1975፣ ብላክ ላይትኒንግ በ1977 ተከታተሉ። የአንዳንዶቹ ስም «ጥቁር» በሚል ቃል ይጀምራል፤ «ነጩ ሱፐርማን» የሚባል ግን አልነበረም። ቢሆንም ጥቁር እጆች ቀስ በቀስ ገቡ። ቢሊ ግሬም በሉክ ኬጅ ላይ ሠርቶ በኋላ ብላክ ፓንተርን ሣለ፤ በጉያና የተወለደው ትሬቨር ቮን ኢደን ብላክ ላይትኒንግን ሲሥል ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበር።

ማይልስቶን

ድዌይን ማክደፊ በ1962 ዲትሮይት ተወለደ። በማርቬል አዘጋጅ ሆኖ ሳለ በ1989 አንድ የፌዝ ማስታወሻ ለአለቆቹ ላከ፦ ጥቁር ጀግኖቻችሁ በስኬትቦርድ መሄድ ካበዙ አይቀር፣ አራት ጥቁር ወጣቶች በስኬትቦርድ ላይ የሚዋጉበት መጽሔት ለምን አናወጣም የሚል። ቀልዱ ከቀልድ አላለፈም። እሱና ዴኒስ ካወን፣ ማይክል ዴቪስና ዴሪክ ዲንግል ግን የራሳቸውን ኩባንያ መሠረቱ፤ ማይልስቶን ሚዲያ የመጀመሪያ መጽሔቶቹን በ1993 አወጣ።

ውሉ ከታሪኮቹ ያልተናነሰ ሊጠና ይገባዋል። ዲሲ የተባለው ታላቅ አሳታሚ ያትማል፣ ያከፋፍላል፤ የገጸ ባሕርያቱ ባለቤትነትና የታሪኩ ሥልጣን ግን የማይልስቶን ነው። ኢቫንስን ወረቀት የነሣው ገበያ አሁን ወረቀቱን ራሱ አቀረበ፤ ርስቱን ግን አልወሰደም።

የመጀመሪያው መጽሔት፣ «ሃርድዌር»፣ በወፍ ይጀምራል። አንድ ልጅ ያሳደጋት ትንሽ በቀቀን ከተዘጋባት የፍርግርግ ጎጆ ሾልካ ትወጣና ወደ መስኮቱ ትበራለች፤ መስተዋቱን ደጋግማ ትገጨዋለች። ከጎጆ መውጣቷን ነጻ እንደ መውጣት ቆጥራው ነበር። ልጁ አድጎ ከርቲስ ሜትካፍ የተባለ ድንቅ ፈልሳፊ ይሆናል፤ የፈጠራው ሀብት ለአሠሪው ስለሚገባ ድርሻውን ሲጠይቅ፣ አንተ ቤተሰብ አይደለህም፣ ተቀጣሪ ነህ ይባላል። በኮሚክ መጽሔት ዓለም ለኖረ ደራሲ ይህ ልብ ወለድ ብቻ አልነበረም።

«አይከን» በ1839 በአሜሪካ ደቡብ የወደቀ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ሲሆን፣ መጀመሪያ ያገኘችው ባሪያ ሴት ስለነበረች እንደ እሷ ጥቁር ሰው መስሎ ቀረ። ወጣቱ ስታቲክ፣ ቨርጂል ሆኪንስ፣ ስሙን ያገኘው በቀለሙ ምክንያት ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት እንዳይገባ ከተከለከለ እውነተኛ ሰው ነው። ማተሚያው ላይም ለውጥ ነበር። የድሮው የቀለም አቀማመጥ የጥቁሮችን ቆዳ ሁሉ አንድ ዓይነት ጭቃማ ቡናማ ያደርገዋል፤ ማይልስቶን ገጾቹን በእጅ ያስቀባ ስለነበር ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ጥቁር እያልን የምንለየው ሁሉ በገጹ ላይ ተለየ።

ማይልስቶን መጽሔት ማውጣቱን በ1997 አቆመ፤ የኮሚክ ገበያው በሙሉ በወደቀበት ጊዜ ነው። ስታቲክ ግን ከ2000 እስከ 2004 የቴሌቪዥን ካርቱን ሆኖ ከመጽሔቱ እጅግ የበዛ ተመልካች አገኘ። ማክደፊ በ2011 አረፈ፤ በስሙ ሽልማት ተሰይሞለታል። ማይልስቶን በ2021 ወደ ኅትመት ተመልሷል።

ከዚያ ወዲህ

ክሪስቶፈር ፕሪስት ከ1998 ጀምሮ ብላክ ፓንተርን በመጻፍ «ዶራ ሚላዤ» የተባሉትን የንጉሡን ሴት ጠባቂዎች ፈጠረ፤ የንጉሡን እኅት ሹሪን ያመጣው ሬጂናልድ ሃድሊን ነው፤ ታ ነሂሲ ኮትስ በ2016 ተረከበው። በፌብሩዋሪ 2018 የወጣው ፊልም ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ ብዙው ጨርቅ የተሸመነው በእነዚህ ጥቁር ደራሲዎች ክር ነው። በአንጻሩ በ2011 ሸረሪት ሰው የሆነውን ማይልስ ሞራሌስን የፈጠሩት ጥቁሮች አይደሉም፤ ይህ ልጁን ከመወደድ አላገደውም።

ከጀግኖቹ ጎራ ውጭ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የነበረው ጆን ልዊስ የሰብዓዊ መብት ትግሉን «ማርች» በሚል በሦስት የሥዕል መጻሕፍት ተርኮ በ2016 ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አገኘ፤ የጄሪ ክራፍት «ኒው ኪድ» በ2020 ኒውበሪ የተባለውን የልጆች መጻሕፍት ሜዳልያ የወሰደ የመጀመሪያው የሥዕል ልብ ወለድ ነው።

ጥቁር ሠዓሊዎች ሥራቸውን የሚያሳዩባቸው ዓመታዊ ጉባኤዎችም አሉ። ተርቴል ኦንሊ በ1993 በቺካጎ የጀመረው «ብላክ ኤጅ ኦቭ ኮሚክስ» ለሌሎቹ መንገድ ጠረገ፤ ፊላዴልፊያ፣ የኢቫንስ ከተማ፣ ከ2002 ጀምሮ የራሷ አላት። በሃርለም የሾምበርግ ማዕከል ከ2013 ጀምሮ የሚያዘጋጀው ፌስቲቫል በይበልጥ ቤተሰብ የሚሰበሰብበት ነው።

በአፍሪካም ኮሚክ ማዘጋጀት ተስፋፍቷል። በናይጄሪያ አሳታሚዎች ተነሥተዋል፤ በደቡብ አፍሪካ ሎይሶ ምኪዜ «ክዌዚ»ን አወጣ። በእኛ አገር ታሪክን በሣጥን ከፍሎ መሣል አዲስ አይደለም። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በረድፍ ተደርድሮ፣ በየሥዕሉ ሥር በአማርኛ ተጽፎበት በየሱቁ ሲሸጥ ኖሯል፤ በቆየው ልማድም ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ክፉ ሰው በአንድ ዓይኑ በጎን ይሣላል። የብሥራት ደበበ «ጀምበር» በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲወጣ፣ ቀጥሎም «ሐዊ» የተባለች ሴት ጀግና ስትከተለው፣ አንባቢው ሣጥን ማንበብ የሚያስተምረው አላስፈለገም። የጀምበር ባለታሪክ አማኑኤል ጥላሁን ይባላል። ልዩ ኃይል ከማግኘቱ በፊት ትምህርቱን ጨርሶ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው፤ የከተማችን አንባቢ ከኃይሉ ይልቅ ሥራ ፍለጋውን በደንብ ያውቀዋል።