የካፕሱል ቡና ማሽን ለቤት፦ በወሎ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የካፕሱል ቡና ማሽን ያለው ቤት ገና ብዙ አይደለም። ጥያቄው ግን እየበዛ ነው። አንዱ እህቱ ከዱባይ ልትልክለት ነው። ሌላዋን ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ "ምን ላምጣልሽ?" ብሏታል። ከዚያ ወሬው ይጀመራል። የወሎ ሰው በቡና ጉዳይ አስተያየት አጥቶ አያውቅም፤ ማሽኑን አይቶትም ባያውቅ ይፈርድበታል። ከሚባለው ውስጥ ግማሹ ልክ ነው። ስለ ሌላው ግማሽ እናውራ።

ለማያውቀው በአጭሩ፦ ካፕሱል ማለት የተፈጨ ቡና የታሸገበት ትንሽ ዕቃ ነው። ከአሉሚኒየም ወይም ከፕላስቲክ ይሠራል። ማሽኑ ይበሳዋል፣ ፍል ውሃ ያሳልፍበታል፣ አንድ ስኒ ቡና ይወርዳል። ከመቁላት እስከ መቅዳት ያለው ጣጣ ሁሉ ፋብሪካ ውስጥ አልቋል።

"ካፕሱል ካፕሱል ነው፣ ሁሉም ላይ ይገባል"

ብዙ ገንዘብ የሚያስበላው ስህተት ይሄ ነው። አይገባም። የአንዱ ድርጅት ካፕሱል የሌላው ማሽን ላይ አይገጥምም። የአንድ ድርጅት ሁለት ማሽኖች እንኳ አይግባቡም።

ኔስፕሬሶን እንውሰድ። የስዊዘርላንዱ ኔስሌ እ.ኤ.አ. በ1986 ያቋቋመው ድርጅት ነው። ዛሬ ሁለት ዓይነት ማሽን አለው። አንደኛው ኦሪጅናል የሚባለው ነው፤ ትንሽ ካፕሱል ይወስዳል፣ በፓምፕ ግፊት ኤስፕሬሶ ያወጣል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ የወጣው ቨርቱኦ ነው። የቨርቱኦ ካፕሱል ጉልላት ይመስላል፣ ጠርዙ ላይ ባርኮድ አለው። ማሽኑ ባርኮዱን አንብቦ ካፕሱሉን በደቂቃ እስከ 7,000 ጊዜ ያሽከረክረዋል። የአንዱን ካፕሱል ለሌላው መስጠት የማይታሰብ ነው።

ልዩነቱ ቅርጽ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የኦሪጅናሉ ፓተንት፣ ማለትም ሌላ እንዳይሠራው የሚከለክለው መብት፣ ጊዜው ስላለፈ ቡና የሚቆሉ ብዙ ድርጅቶች ለእሱ የሚሆን ካፕሱል ይሠራሉ። በየአገሩ ሱፐርማርኬት ይገኛል። ለቨርቱኦ ግን ምርጫው ጠባብ ነው። ዞሮ ዞሮ ወደ ድርጅቱ ትመለሳላችሁ።

ዶልቼ ጉስቶም የኔስሌ ነው፤ ካፕሱሉ ግን ሌላ ነው። የአሜሪካው ኪዩሪግ ኬ ካፕ የሚባል የራሱ አለው። ታሲሞ የራሱ አለው። ላቫዛ ደግሞ ሰው ያደናግራል። ኤ ሞዶ ሚዮ ለሚባሉት የራሱ ማሽኖች አንድ ዓይነት ካፕሱል ይሠራል፤ ለኔስፕሬሶ ኦሪጅናል የሚሆን ሌላም ይሠራል። ሁለቱም ካርቶን ላይ "ላቫዛ" ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። "ላቫዛ ላክልኝ" ብሎ መልእክት የላከ ሰው የማይገጥም ካርቶን ቢደርሰው መልእክተኛው ላይ መቆጣት የለበትም። ስታርባክስም ያው ነው፤ ለአራት ዓይነት ማሽን የሚሆን ካፕሱል በስሙ ይሸጣል።

ስለዚህ ምርጫው ከማሽኑ አይጀምርም፤ ከካፕሱሉ ይጀምራል። ደሴ ላይ ተቀምጣችሁ በየወሩ ካፕሱሉን ማን ያመጣላችኋል? አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው አላችሁ? ዘመድ ከውጭ የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው? መልሱ ሲታወቅ ማሽኑ ራሱ ይታወቃል። ለእኔ ከካፕሱል ወገን የኔስፕሬሶ ኦሪጅናል ዓይነት ይሻላል። ምክንያቱ የቡናው ጣዕም አይደለም፤ የሚሠራለት መብዛቱ ነው። ከእሱ ሌላ ኢ ኤስ ኢ የሚባል በስስ ወረቀት የተጠቀለለ ቡና አለ። ስፋቱ 44 ሚሊሜትር ነው፣ 7 ግራም ገደማ ቡና ይይዛል፣ በአንድ ድርጅት የታሰረ አይደለም። ማሽኑን የሚያመጣ ሰው ካገኛችሁ አትናቁት።

"ከውጭ የመጣ ዕቃ ነው፣ አዳፕተር ብቻ ይፈልጋል"

ከየት ውጭ? ጥያቄው እሱ ነው።

የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው። የእኛ 220 ነው። ከገበያ የምንገዛው አዳፕተር የሶኬቱን እግር ቅርጽ ይቀይራል እንጂ ቮልቴጁን አይነካም። በ120 ቮልት 1,400 ዋት የሚስብ ማሞቂያ 220 ላይ ሲሰካ ከ4,700 ዋት በላይ ልሳብ ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሽታ ነው። ትራንስፎርመር ይቻላል፤ ግን ይህን ኃይል የሚችለው ውድም ከባድም ነው። ከአሜሪካ ለሚመጣው ዘመድ "ማሽኑን ተወው፣ ካፕሱል አምጣ" ማለት ይሻላል።

ከዱባይ ወይም ከቤሩት የሚመጣው በቮልቴጅ ከእኛ ጋር ይስማማል። የዱባዩ ሦስት ወፋፍራም አራት ማዕዘን እግር ያለው ሶኬት ስላለው እዚህ ላይ አዳፕተሩ ሥራ አለው። ግን ደህና፣ ወፍራም አዳፕተር ይሁን። ለስልክ ቻርጀር የተገዛችው ቀጭኗ ትቀልጣለች። ሳዑዲ ዓረቢያ ለረጅም ጊዜ ሁለት ዓይነት ቮልቴጅ ትጠቀም ነበር፣ 127 እና 220። ስለዚህ ከጅዳ ለሚላክ፣ በተለይ አሮጌ ለሆነ ዕቃ፣ ሆዱ ሥር ያለው ጽሑፍ ይታይ። "220-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ" የሚል ከሆነ አብሽሩ።

"ቆጣሪ ይበላል"

አይበላም። ማሽኑ ሲሞቅ ብዙ ይስባል፣ እውነት ነው፤ ከ1,200 እስከ 1,500 ዋት። ግን የሚስበው ለአጭር ጊዜ ነው። ለማሞቅ ግማሽ ደቂቃ፣ ለመቅዳት ግማሽ ደቂቃ። ሲሰላ በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ወደ 40 ስኒ ይወጣል። አብዛኞቹ አዳዲስ ማሽኖች ጥቂት ደቂቃ ሥራ ሲፈቱ ራሳቸውን ያጠፋሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤት ስለ ቡና ማሽን ቆጣሪ ባያነሳ ጥሩ ነው።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። መብራት ሲጠፋ ለቴሌቪዥንና ለአምፖል ብለን የገዛናት ትንሽ ኢንቨርተር ይህን ማሽን አትችለውም። ባትሪው ሙሉ ቢሆንም አትችለውም፤ በአንድ ጊዜ የምትሰጠው ዋት አይበቃም። መብራት ሄዶ ሲመጣም ቮልቴጁ ስለሚዘል ማሽኑን ነቅሎ ትንሽ መጠበቅ ነው። ከሰል ይህ ጣጣ የለበትም፣ መቼም።

"ደሴ ከፍታው ላይ ስለሆነ ማሽኑ አያፈላም"

ይሄኛው አስቂኝ ይመስላል፤ ግን መሠረት አለው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ላሊበላም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኮምቦልቻ ወረድ ስለሚል 94 ገደማ ይደርሳል።

ፓምፕ ባላቸው በእነ ኔስፕሬሶ ዓይነት ላይ ይህ ብዙ አያሳስብም። ውሃው የሚሞቀው ተዘግቶ በግፊት ስለሆነ ለቡናው የሚያስፈልገውን ሙቀት ያገኛል። ኪዩሪግ ግን ይለያል። ውሃውን ወደ 89 ዲግሪ ያሞቃል። ደሴ ላይ ይህ ከመፍያው ነጥብ ጋር ሊነካካ ምንም አይቀረው። ለዚህም ነው አንዳንድ የኪዩሪግ ሞዴሎች ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው የከፍታ ማስተካከያ ያላቸው። ኪዩሪግ ያለው ሰው መመሪያውን ይፈልግና እሱን ያብራ።

"19 ባር ከ15 ባር ይበልጣል"

ባር የግፊት መለኪያ ነው። ቁጥሩ ይበልጣል። ቡናው አይበልጥም። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ፓምፑ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። ኤስፕሬሶ የሚወጣው በ9 ባር አካባቢ ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

"ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ትልቅ ከሆነ ካፌይኑ ብዙ ነው"

በካፕሱል ካርቶን ላይ 6፣ 9፣ 12 እያለ የተጻፈው የጣዕሙን ክብደት ነው። ምን ያህል እንደተቆላ፣ ምን ያህል እንደሚመርር። ካፌይን የወጣለት ቡና ላይ እንኳ ይጻፋል። አንድ የኔስፕሬሶ ኦሪጅናል ካፕሱል 5 ወይም 6 ግራም ቡና ነው የሚይዘው፤ ካፌይኑ 60 ሚሊግራም ገደማ ነው። ማታ እንቅልፍ የሚያሳጣችሁ ቁጥሩ ሳይሆን የስኒው ብዛት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ ልጨምር። ካፕሱሉ 5 ግራም ከሆነ ከአንድ ኪሎ ቡና 200 ካፕሱል ይወጣል ማለት ነው። የአንዷን ካፕሱል ዋጋ በ200 አባዙት። ከዚያ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ደሴ ገበያ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ለቡናው ስንት፣ ለምቾቱ ስንት እንደምትከፍሉ ያኔ ይገባችኋል። ቡናው ከእኛው አገር ሄዶ ታሽጎ የተመለሰ ሲሆን ደግሞ ትንሽ ያናድዳል።

"አንዱን ካፕሱል ሁለቴ ብንጠቀምበት ቶና ይሆናል"

ይህን ያሰበ ሰው ወሎዬ ለመሆኑ መታወቂያ አያስፈልገውም። ጀበና ላይ ልክ ነው። አቦል ከተቀዳ በኋላ አተላው ላይ ውሃ ይጨመራል፣ እንደገና ይፈላል፣ የቀረውን ይሰጣል። ቶናም በረካም የሚወጡት በመፍላት ነው።

ካፕሱል ውስጥ መፍላት የለም። ውሃው በግፊት ሠላሳ ሴኮንድ ባልሞላ ጊዜ ያልፋል፣ ጥሩውን ጠራርጎ ይወስዳል። ሁለተኛው ዙር ቀለም ያለው መራራ ውሃ ነው። የተበሳው ካፕሱል ድጋሚ ሲገባ በጎኑ ሊያፈስም ይችላል።

ስለዚህ ስምንት እንግዳ ተቀምጦ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ዱአው ተደርጎ፣ ሦስት ዙር ይጠጣ ከተባለ 24 ካፕሱል ማለት ነው፤ ያውም አንድ በአንድ። የትንንሾቹ ማሽኖች የውሃ መያዣ 0.6 ሊትር ገደማ ነው፤ መሃል ላይ እየተነሱ መሙላት አለ። እማማ በረካ ሲደርሳቸው የመጀመሪያው ሰው አቦሉን ከጠጣ ቆይቷል። ማሽኑ ጀበናን ይተካል የሚል ሰው ይህን አላሰበበትም። ማሽኑ የሚጠቅመው ጠዋት ለሥራ የሚጣደፍ አንድ ወይም ሁለት ሰው ላለበት ቤት ነው። ለዚያ ግሩም ነው።

"የራሳችንን ቡና ወቅጠን እንሞላዋለን"

ይቻላል። ለኦሪጅናሉ ዓይነት ተመልሶ የሚሞላ የብረት ካፕሱል አለ። ግን ሙቀጫና ዘነዘና የሚያወጣው ቡና ወጥ አይደለም። ዱቄቱ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ሻካራው ውሃውን ዝም ብሎ ያሳልፋል። በደንብ የሚፈጭ የኤሌክትሪክ መፍጫ ያስፈልጋል፤ ደቃቅ፣ ግን እንደ በርበሬ ዱቄት ያልላመ። ከዚያ መሙላት፣ መጠቅጠቅ፣ ማጠብ አለ። ለአንድ ስኒ ይህን ሁሉ ከሆነ ጀበናው ምን አጠፋ?

"ካፕሱል አይበላሽም"

ስለታሸገ ይቆያል እንጂ ዘላለማዊ አይደለም። ካርቶኑ ላይ ቀን አለው። ቀኑ ካለፈ አይመርዝም፤ ሽታው ግን ይሞታል። ከውጭ በቅናሽ ተገዝቶ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ቀኑ የተቃረበ ነው፤ ለላኪው ቀድሞ መንገር ይሻላል።

"ጽዳት አይፈልግም፣ ከፈለገም አቼቶ ይበቃዋል"

የቤታችሁን የሻይ ማፍያ ውስጡን እዩት። ነጭ ቅርፊት ከያዘ ያ ኖራ ነው፤ ማሽኑ ውስጥም ይገባል። ልዩነቱ ማሽኑ ውስጥ አይታይም። ቱቦው ይጠባል፣ ቡናው ይቀዘቅዛል፣ ድምፁ ይጨምራል። ኖራ ማውጫ ፈሳሽ ወይም ዱቄት አለው፤ በየጥቂት ወሩ ማሽኑ ሲጠይቅ ይደረጋል። አቼቶ ጎማዎቹን ስለሚጎዳና ሽታው ስለማይለቅ ኔስፕሬሶ ራሱ አትጠቀሙ ይላል። ከማሽኑ ጋር ሁለት ሦስት ፓኬት የኖራ ማውጫ አብሮ እንዲላክ ጠይቁ፤ ቀላል ነው፣ ሻንጣ አይከብድም።

"ወተቱን ታንኩ ውስጥ ጨምሮ ማኪያቶ ማውጣት ይቻላል"

በጭራሽ! ታንኩ ለውሃ ብቻ ነው። ወተት ቱቦው ውስጥ ይጋገራል፣ ይበላሻል፣ ማሽኑ ከዚያ ወዲያ አይድንም። ዶልቼ ጉስቶ የዱቄት ወተት ካፕሱል ስላለው ማኪያቶ የሚመስል ነገር ያወጣል። በአብዛኞቹ ሌሎች ላይ ወተቱን ለብቻ የሚያሞቅና የሚያረፋ ዕቃ ይገዛል። ከጎረቤት የምትገዙት ጥሬ ወተት ከሆነ መጀመሪያ ይፍላ፤ ይህ ዕቃ ያሞቀዋል እንጂ አያፈላውም።

"ያለቀው ካፕሱል ቆሻሻ ነው፣ ይጣል"

የአሉሚኒየሙን ክዳን ቀዳችሁ አተላውን አትክልት ሥር ድፉት። ባዶውን አጥባችሁ በከረጢት አጠራቅሙ። አሉሚኒየም ድጋሚ ቢቀልጥ ከማዕድን አዲስ ለማውጣት ከሚያስፈልገው ጉልበት 95 በመቶው ይተርፋል። የተጠራቀመውን ቆራሌው ሲያልፍ አሳዩት። የፕላስቲኩን ግን አይፈልገውም፤ በአሉሚኒየምና በፕላስቲክ መካከል መምረጥ ካለባችሁ ይህንንም አስቡበት።