«ማይነስ እና ማይነስ ፕላስ ነው» የምትሉ ሰዎች ሆይ

ሒሳብ አስጠናለሁ። አብዛኛው ልጅ በአልጀብራ ነጥብ የሚጥለው አልጀብራው ከብዶት አይደለም። ድፍን ቁጥሮች ላይ፣ ማለትም እነ -3፣ 0 እና 5 ላይ፣ ተሳስቶ ነው። ስህተቱ ደግሞ ሁሌም ያው ነው።

«ሁለት ማይነስ ከተገናኙ ፕላስ ይሆናሉ።» ተማሪው ይለዋል፣ ወላጅ ይለዋል፣ ታላቅ ወንድም ይለዋል። አንዱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ x + 5 = -3 ተሰጠው። 5ቱን አሻግሮ x = -3 - 5 ብሎ ጻፈ። እስከዚህ እሰየው። ከዚያ በልበ ሙሉነት «8» አለና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ለምን ስለው «ሁለት ማይነስ አለ እኮ!»

ሕጉ የማባዛትና የማካፈል ነው። እዚህ ምን አገባው? ሱቅ የ3 ዳቦ ዱቤ አለባችሁ። ዛሬ 5 ዳቦ በዱቤ ጨመራችሁ። ባለሱቁ ደብተሩን ገልጦ «8 ዳቦ ልስጣችሁ» ይላል? የ8 ዳቦ ዕዳ አለባችሁ። -3 - 5 = -8። ልጁም 8ን መልሶ ቢተካ 8 + 5 = 13 እንጂ -3 እንደማይመጣ ወዲያው ያይ ነበር። እባካችሁ፣ መልሱን ተክቶ ማረጋገጥ አስለምዷቸው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሲባዙስ ለምን ፕላስ ይሆናል? «ሕግ ነው» ብላችሁ አትለፉት። -3 × 0 ዜሮ ነው። ዜሮ ደግሞ 5 + (-5) ነው። ስለዚህ -3 × 5 እና -3 × (-5) ሲደመሩ ዜሮ መምጣት አለበት። የመጀመሪያው -15 ነው። ሁለተኛው 15 ካልሆነ ሒሳቡ አይዘጋም። አለቀ። ይህን አንዴ በእጁ የሠራ ልጅ ሕጉን ያለቦታው አይሰነቅረውም። ሳያስረዱ መፈክሩን ብቻ የሚያሸመድዱ አስጠኚዎች ግን ለእኔ ሥራ እየፈጠሩልኝ ነው።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። -10 ከ-2 አይበልጥም፣ ያንሳል። መቀነስ ሁሌ አያሳንስም፤ 4 - (-6) = 10። -a የግድ ነጌቲቭ አይደለም፤ a ራሱ -7 ከሆነ -a 7 ነው። ዜሮ ተጋማሽ ነው፤ ለ2 ሲካፈል ቀሪ የለውም። ሁለት ድፍን ቁጥሮች ሲደመሩ፣ ሲቀናነሱና ሲባዙ ድፍን ቁጥር ይሰጣሉ፤ ሲካፈሉ ግን ዋስትና የለም፣ 7 ለ2 ሲካፈል 3.5 ነው።

«ለዜሮ ሲካፈል ዜሮ ነው» የሚሉም አሉ። 6 ለ0 ሲካፈል 0 ቢሆን፣ 0 × 0 = 6 ሊሆን ነው። በዚህ እንኳ ብዙ አልቆጣም። የዕዳና የሀብት ቁጥሮችን ሕግ በ628 እ.ኤ.አ. ጥርት አድርጎ የጻፈው ሕንዳዊው ብራህማጉፕታም 0ን ለ0 ሲያካፍል 0 ብሏል።

በመጨረሻ፣ «ኮምፒውተሩ ነው ያለው» ብላችሁ አትከራከሩኝ። ኤክሴል ላይ =-3^2 ብትጽፉ 9 ይላችኋል። ያንኑ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ -3**2 ብትሉት -9 ይላል። በሒሳብ አጻጻፍ -3² ማለት -9 ነው፤ መጀመሪያ 3ቱ በራሱ ይባዛል፣ ማይነሱ ከዚያ ይመጣል። 9 የፈለገ (-3)² ብሎ በቅንፍ ይጻፍ።