የሩዶልፍ ካርናፕ ወረቀቶች

በ1913 የበጋ ወራት፣ ጀርመን ውስጥ በየና ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ተማሪዎች ይቀመጡ ነበር። አንዱ ጡረታ የወጣ ሻለቃ ነው፤ አዲሱን ሒሳብ የሚከታተለው ለጊዜ ማሳለፊያ ነው። መምህሩ ጎትሎብ ፍሬገ ይባላል። ዓይን አፋር ሰው ስለነበር ወደ ተማሪዎቹ ዞር የሚለው ከስንት አንዴ ነው። እነሱም የሚያዩት ጀርባውን ነው፤ እሱ ሰሌዳው ላይ እንግዳ ምልክቶች ይሥላል፣ እየሣለ ያስረዳል። ጥያቄ የሚጠይቅ የለም። ከሦስቱ አንዱ ግን፣ ሩዶልፍ ካርናፕ የሚባል የ22 ዓመት ወጣት፣ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል።

ያ ማስታወሻ ዛሬም አለ። የሚገኘው አሜሪካ ውስጥ፣ ፔንስልቬንያ ግዛት፣ ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነው። እዚያ የሳይንሳዊ ፍልስፍና ቤተ መዛግብት የሚባል ክፍል አለ፤ የክፍሉ ዋና ሀብት ደግሞ የካርናፕ ወረቀቶች ናቸው። ወደዚያ የገቡት እሱ ከሞተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1974 ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ሰውየው ባጭሩ። ካርናፕ ፈላስፋና የሎጂክ ሊቅ ነው፤ የተወለደው በ1891 ሮንስዶርፍ በምትባል የጀርመን ከተማ ነው። አንደኛውን የዓለም ጦርነት ወታደር ሆኖ አሳለፈ። በ1926 ቪየና ገባ፤ በፈላስፋው በሞሪትዝ ሽሊክ ዙሪያ ይሰበሰብ ከነበረው የቪየና ክበብ ከሚባለው ቡድን ዋነኞቹ አንዱ ሆነ። ክበቡ የያዘው አቋም ደፋር ነበር፤ በልምድ ሊፈተሽ ወይም በሎጂክ ሊረጋገጥ የማይችል አባባል ስለ ዓለም የሚነግረን ነገር የለም ይላል። ከዚያ ፕራግ አስተማረ። ናዚዎች አውሮፓን ሲያጨልሟት በ1935 መጨረሻ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ቺካጎ፣ ፕሪንስተን፣ በመጨረሻም ሎስ አንጀለስ። በ1970 አረፈ። ይህን ሁሉ አገር ሲያቋርጥ ወረቀቶቹም አብረውት ተንከራተቱ። ስደተኛ ሻንጣው ውስጥ ምን እንደሚጨምር ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወረቀቶቹ በሳጥን፣ በዶሴና በቁራጭ ተቆጥረዋል። እያንዳንዱ የስሙ ሁለት የመጀመሪያ ፊደላትና ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ የመጀመሪያው ሳጥኑን፣ ሁለተኛው ዶሴውን፣ ሦስተኛው ራሱን ወረቀቱን ያመለክታል። ስለ ካርናፕ የሚጽፍ ተመራማሪ የግርጌ ማስታወሻው በእነዚህ ቁጥሮች የታጨቀ ነው። ውስጡ የሌለ ነገር የለም። ደብዳቤ፣ የንግግር ረቂቅ፣ የመጽሐፍ ረቂቅ፣ የዕለት ማስታወሻ፣ ያነበባቸው መጻሕፍት ዝርዝር ሳይቀር።

ችግሩ ማንበቡ ላይ ነው።

ካርናፕ ለራሱ ሲጽፍ የሚጠቀመው አጭር ጽሕፈት ነው። ድሮ ኮሜርስ የተማሩ ጸሐፊዎች አለቃቸው ሲናገር እኩል እየሮጡ የሚይዙበትን የጭረት ጽሑፍ የሚያስታውስ፣ ነገሩ ይገባዋል። የካርናፕ ግን ሽቶልዘ-ሽራይ የሚባል የጀርመን ስልት ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በ1897 ነው። አሠራሩ ለፊደል ሰው ብዙም እንግዳ አይሆንም። አናባቢው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ምልክት የለውም። የሚከተለው ተነባቢ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ፣ ራቅ ወይም ቀረብ ብሎ፣ ወፍሮ ወይም ቀጥኖ ሲጻፍ አናባቢው ከዚያ ይታወቃል። እኛ «ለ»ን ቅጥል አድርገን «ሉ» እንደምንለው መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ ቅጥሉ የሚያርፈው የሚቀጥለው ፊደል ላይ ነው። አሁን እርሳሱ ትንሽ ደብዘዝ ቢል አስቡት። የአንዲት ጭረት ውፍረት ከጠፋ ቃሉ ሌላ ይሆናል። በዚያ ላይ ካርናፕ የራሱ ምህጻረ ቃላት አሉት፤ መሀል ላይ የሎጂክ ምልክት ይሰነቅራል። ጀርመንኛ ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ አጭር ጽሕፈቱንም፣ ሎጂኩንም፣ የሰውየውን እጅም ማወቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ቤተ መዛግብት ከገባ በኋላም አብዛኛው ለብዙ ዓመታት ተቆልፎ የቆየ ያህል ነበር።

አንድ በአንድ ሲፈታ ግን ጉድ ወጣ።

ከፍሬገ እንጀምር። ፍሬገ የዘመናዊ ሎጂክ አባት የሚባል ሰው ነው፤ በሕይወት ሳለ ግን የሚሰማው አልነበረም። በ1925 ከመሞቱ በፊት ለማደጎ ልጁ ለአልፍሬድ ወረቀቶቹን አትናቃቸው፣ ሁሉም ወርቅ ባይሆን እንኳ ወርቅ አለበት ብሎ ጽፎለት ነበር። ልጁም አልናቀም። ወረቀቶቹን በ1935 ሙንስተር ዩኒቨርሲቲ ለነበረው ለሃይንሪክ ሾልዝ ሰጠ። መጋቢት 25 ቀን 1945፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ስድስት ሳምንት ሲቀረው፣ ሙንስተር በቦምብ ተደበደበች፤ ወረቀቶቹም አብረው ጠፉ። የተረፈው ቀደም ሲል ከከፊሉ በታይፕ የተገለበጠው ነው። ፍሬገ ክፍል ውስጥ ምን ብሎ እንዳስተማረ ግን ከ1910 እስከ 1914 ድረስ አንገቱን ደፍቶ ይጽፍ የነበረው ልጅ ማስታወሻ ይነግረናል። ማስታወሻው በ1996 በጀርመንኛ፣ በ2004 በእንግሊዝኛ ታተመ። የመምህሩ ወረቀት ነደደ፣ የተማሪው ደብተር ተረፈ።

ሁለተኛው ነገር ቡና ቤት ውስጥ የተደረገ ነው። ነሐሴ 26 ቀን 1930፣ ቪየና፣ ካፌ ራይክስራት። ካርናፕ ኩርት ጎደል ከሚባል የ24 ዓመት ወጣት ጋር ተቀምጧል። በዕለቱ ማስታወሻው ላይ አጠር አድርጎ ያሰፈረው የጎደልን ግኝት ነው፤ የሒሳብ መሠረት ይሆናል የተባለው ትልቁ ሥርዓት ሙሉ አይደለም፣ ከቅራኔ ነጻ መሆኑንም ማረጋገጥ ያስቸግራል ይላል። (ሥርዓቱ ይጎድለዋል ያለው ሰው ስሙ ጎደል መሆኑ ለአማርኛ ጆሮ ቀልድ ይመስላል።) ጎደል ይህን ለሌላ ሰው ማውራቱን የሚያሳይ ከዚህ የቀደመ ማስረጃ አይታወቅም። ለሕዝብ የተናገረው በመስከረም መጀመሪያ ኮኒግስበርግ ላይ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የሚቀጥለው ነው። በየካቲት 1931 ጎደል ካርናፕ ዘንድ መጥቶ ስለ ሥራው ሲነጋገሩ፣ ካርናፕ ነገሩ ለመረዳት ከባድ ነው እንዳለው እዚያው ማስታወሻው ላይ ይዟል። በዘመኑ ከነበሩት የሎጂክ ሊቃውንት አንዱ፣ ከምንጩ ሰምቶ፣ ገና አልዋጥ ብሎታል። እንዲህ ያለውን ነገር በታተመ መጽሐፍ ላይ ማን ይጽፋል?

በ1940 እና በ1941 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ላይ ከሎጂክ ሊቃውንቱ ከአልፍሬድ ታርስኪና ከኩዋይን ጋር ያደረጓቸው ውይይቶችም እንዲሁ በጭረት ተይዘዋል። ሒሳብ ስለ ምን ነገር ነው የሚናገረው፣ የነገሮች ቁጥር ውስን ቢሆንስ እያሉ ተከራክረዋል። ማስታወሻው ተፈትቶ በመጽሐፍ የወጣው በ2013 ነው።

ሦስተኛው የተለመደ ወሬ ያፈረሰ ነው። ተማሪ ቤት የሚወራው እንዲህ ነው፦ ካርናፕና ጓደኞቹ ሳይንስን በደረቅ ሎጂክ አሰሩት፣ ከዚያ የሳይንስ ታሪክ ተመራማሪው ቶማስ ኩን በ1962 ስለ ሳይንሳዊ አብዮቶች አወቃቀር መጽሐፉን አወጣና ቤታቸውን አፈረሰባቸው። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ተዋጊ አለው፣ አሸናፊ አለው። ግን የኩን መጽሐፍ መጀመሪያ የወጣው ካርናፕ ራሱ ከአርታኢዎቹ አንዱ በነበረበት የኢንሳይክሎፒዲያ ተከታታይ ውስጥ ነው። ጆርጅ ሪሽ የሚባል ተመራማሪ ደብዳቤዎቹን በ1991 ይፋ ሲያወጣቸው ካርናፕ ረቂቁን በደስታ እንደተቀበለው ታየ። በተለይ የሳይንስ እድገት አስቀድሞ ወደተወሰነ ግብ የሚሄድ ሳይሆን ዳርዊን ስለ ፍጥረታት እንዳለው ነው የሚለውን ሐሳብ ወዶታል። ለራሱ የያዘው የጭረት ማስታወሻም ይህንኑ ይላል፤ ለይሉኝታ የተጻፈ አልነበረም ማለት ነው። ኩን ግን በጊዜው ደብዳቤውን ለጨዋነት ያህል የተጻፈ አድርጎ እንዳነበበው በኋላ አምኗል። ተቀራርበው ቢያወሩ ኖሮ የሚያስብል ነው።

የዕለት ማስታወሻዎቹ የሌላ ሰው ያህል ናቸው። መጽሐፎቹ ላይ ካርናፕ አንድ ትርፍ ቃል አይወጣውም። ማስታወሻው ላይ ግን ይታመማል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ያፈቅራል፣ ተራራ ይወጣል። ከ1908 እስከ 1935 ያለው በ2022 በሁለት ቅጽ ታትሟል። ኤስፔራንቶ የሚባለውን ሰው ሠራሽ ቋንቋ ይናገር እንደነበር ለሚያውቅ ደግሞ ይህ የምልክት ፍቅሩ አይገርመውም፤ ገና በ17 ዓመቱ ድሬስደን ድረስ ሄዶ የኤስፔራንቶ ጉባኤ ላይ ተገኝቷል።

ፒትስበርግ ላይ ካርናፕ ጎረቤት አላጣም። ከበርሊን ተባሮ፣ በኢስታንቡል በኩል ሎስ አንጀለስ የደረሰው የፈላስፋው የሃንስ ራይክንባክ ወረቀት እዚያው ነው። በ26 ዓመቱ የተቀጨው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፍራንክ ራምሴም፣ ሌላው ፈላስፋ ካርል ሄምፕልም እዚያው ናቸው። የካርናፕ ከፊል ወረቀት ሎስ አንጀለስ ቀርቷል፤ ጀርመን ውስጥ ኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ቅጂው አለ።

አሁን ብዙው ክፍል ስካን ተደርጎ በኢንተርኔት በነጻ ይታያል። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ አንዱን ዶሴ መክፈት ይቻላል። መጀመሪያ የሚታየው ጥርት ያለ ቀን ነው። ከሥሩ መስመር ሙሉ ጭረት፣ መሀሉ ላይ በተለመደው ፊደል የተጻፈ የአንድ ሰው ስም፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና ጭረት።