አንቀልባና ማዘያ፦ ልጅን አስሮ የመያዝ ልማድ፣ ዓይነቶቹና አመራረጡ

አንቀልባ ሕፃን ልጅ ጀርባ ላይ የሚታዘልበት ማዘያ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አገር ለብዙ ትውልድ ከለፋ ቆዳ ሲሠራ ኖሯል፤ በትግርኛ ማሕዘል ይሉታል። አሁን በከተማ ስሙ ሰፋ ብሎ ከጨርቅ የተሰፋውንም፣ ዘለበትና ስፖንጅ ያለውን የፋብሪካ ሥራም ያጠቃልላል፤ ሱቅ ሲገባ ግን ብዙው ሰው የሚጠይቀው «ቤቢ ካሪየር» ብሎ ነው።

አማርኛ የልጅን አያያዝ በየቦታው ለይቶ ይጠራል። እቅፍ ውስጥ ያለው ታቀፈ፣ ጀርባ ላይ ያለው ታዘለ፣ ትከሻ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ የተቀመጠው እሽኮኮ ተባለ ይባላል። ደረት ላይ አስሮ ለመያዝ ግን እንዲህ ያለ ራሱን የቻለ ቃል አልተለመደም፤ ልማዱም ብዙ አልነበረማ። ስለዚህ ዛሬ «ፊት ለፊት ማዘል» የሚል አነጋገር ይሰማል። ማዘል ሲባል ጀርባ ለሚታየው ሰው ጆሮ ይቆረቁራል፤ የተሻለ እስኪገኝ ግን እዚህም እንጠቀምበታለን።

የቆዳው አንቀልባ አሠራር ቀላል ይመስላል። የፍየል፣ የበግ ወይም የጥጃ ቆዳ ተፍቆ በቅቤ እየታሸ እስኪለሰልስ ይለፋል። የልጁን ጀርባና መቀመጫ የሚይዝ ሰፊ ክፍል ይወጣለትና ረጃጅም ጠፍሮች ይቀጠሉለታል። ጠርዙ በዛጎልና በጨሌ ይዋባል፤ ዛጎሉ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ልጁን ከሰው ዓይን ይጠብቃል ተብሎም ይታመንበት ነበር። እናት ጎንበስ ብላ ልጁን ጀርባዋ ላይ ታወጣለች፤ ቆዳውን ታለብሰዋለች፤ ጠፍሮቹን በትከሻዋ አምጥታ ደረቷ ላይ ታመሳቅልና ወደ ኋላ አዙራ ከልጁ መቀመጫ ሥር ካሳለፈች በኋላ ወገቧ ላይ ትቋጥራለች። አስተሳሰሩ ከአገር አገር ይለያያል። አንቀልባ የሌላት በነጠላ ወይም በጋቢ ታዝላለች። ለተመልካች የሚያስፈራው ልጁን ያለ ረዳት ጀርባ ላይ የማውጣቱ ነገር ነው፤ ለለመደችው ግን የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው፤ ታናሽ ወንድሟን የምታዝል ትንሽ ልጅም ብትሆን ታውቅበታለች።

በዚህ ልማድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይስተዋል አንድ ነገር አለ። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ አራሷ ከቤት ብዙም አትወጣም። ጨቅላው አንገቱ ገና ባልጠናበት ወቅት ጀርባ ላይ የሚወጣበት ምክንያት አልነበረም ማለት ነው። የአራስ ቤቱ ሥርዓት የተሠራው ለሌላ ዓላማ ቢሆንም፣ ለማዘል አደገኛ የሆኑትን የመጀመሪያ ሳምንታት በእቅፍ አሳልፏቸዋል። ዛሬ አራስ ቤት የመቆየት ዕድል የሌላት፣ በተለይ ውጭ አገር ዘመድ ሳይኖራት የወለደች እናት፣ በሁለተኛው ሳምንት ልጇን አስራ ገበያ ትወጣለች። የቆዳው አንቀልባ ለዚህ የዕድሜ ክልል አልተሠራም፤ ለእሷ የሚያስፈልጋት ሌላ ዓይነት ማዘያ ነው።

አዲስ የተወለደ ልጅ እግሩ ቀጥ አይልም፤ ማህፀን ውስጥ እንደነበረው ታጥፎ ወደ ጎን ይከፈታል። ለዳሌው መገጣጠሚያም የሚስማማው ይኸው ነው። የጭኑ አጥንት ክብ ራስ በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ በደንብ ተቀምጦ የሚያድገው ጉልበቶቹ ከመቀመጫው ከፍ፣ ጭኖቹም ገለጥ ሲሉ ነው፤ ከፊት ሲታይ ልጁ እንቁራሪት ይመስላል። እግሩ ተዘርግቶ የሚጠፈር ልጅ የዳሌ መውለቅ እንደሚበዛበት በሰሜን አሜሪካ የናቫሆ ሕዝብ ዘንድ፣ ሕፃናት ከሰሌዳ ጋር ታስረው በሚያድጉበት ልማድ ታይቷል። ልጅ ጀርባ ላይ ተከፍቶ በሚታዘልባቸው የአፍሪካ አገሮች ደግሞ ችግሩ ብርቅ ነው። ዘር የራሱ ድርሻ ሊኖረው ቢችልም ዓለም አቀፉ የዳሌ መዛነፍ ተቋም ለወላጆች የሚመክረው ይህንኑ አቀማመጥ ነው። ትክክለኛ ማዘያ ጭኑን እስከ ጉልበት መታጠፊያ ድረስ ደግፎ ይይዛል። ጨርቁ በልጁ እግሮች መካከል ጠብቦ እግሮቹ ወደ ታች የሚንጠለጠሉበት ማዘያ ለአጭር መንገድ ልጁን ላይጎዳ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ክብደቱ በሙሉ ብሽሽቱ ላይ ስለሚወድቅ አይመችም።

ሁለተኛው ጥቅም ማንም እናት ሳይነገራት የምታውቀው ነው፤ የታዘለ ልጅ ያለቅሳል፣ ግን ያነሰ። በ1986 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በካናዳ ሞንትሪያል የወጣ ጥናት ወላጆች ልጃቸውን በቀን ከተለመደው በላይ ሲይዙ፣ በ6 ሳምንት ዕድሜ ላይ ለቅሶው በ43 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። በ2013 የጃፓን ተመራማሪዎች ከ6 ወር በታች ያሉ ሕፃናት እናታቸው ይዛቸው መራመድ ስትጀምር ወዲያው እንደሚረጋጉ፣ የልባቸው ምትም እንደሚቀንስ ለኩ። ቁጭ ብሎ ማቀፍ ያንኑ ያህል አልሠራም። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2022 ደግሞ ልጁን ይዞ 5 ደቂቃ መራመድ፣ ከተኛ በኋላም ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይዞት ተቀምጦ ከዚያ አልጋ ላይ ማድረግ እንደሚሻል ጠቆሙ። እሹሩሩ እያሉ ወዲያ ወዲህ የሚሉ አያቶች በዚህ አይደነቁም።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሣው የካንጋሮ እንክብካቤ ነው፤ ማዘያ ከመጠቀም ጋር ግን መምታታት የለበትም። ያለጊዜው የተወለደን ወይም ክብደቱ ዝቅ ያለን ልጅ ያለ ልብስ ከእናት ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ አጣብቆ መያዝ ነው። በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ፣ የማሞቂያ መሣሪያ ባነሰበት ሆስፒታል፣ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ጀመሩት። አዲስ አበባ ውስጥም በዶክተር ቦጋለ ወርቁና በባልደረባቸው ተጠንቶ፣ በ2005 የታተመው ውጤት ቀድሞ የተጀመረ የካንጋሮ እንክብካቤ ብዙ ጨቅላዎችን በሕይወት እንዳቆየ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እንዲህ ያሉ ልጆች ከተወለዱ ጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት በዚህ መንገድ እንዲያዙ መክሯል። ይህ የሕክምና ጉዳይ ስለሆነ ከሱቅ በተገዛ ማዘያ በግምት የሚሠራ አይደለም።

አሁን ሱቅ ውስጥ የሚገኙት ማዘያዎች ከየአገሩ ልማድ የተቀዱ ናቸው። አሜሪካዊቷ ነርስ አን ሙር በ1960ዎቹ በሰላም ጓድ ቶጎ ሳለች እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሲሠሩ አይታ፣ አገሯ ስትመለስ ከእናቷ ጋር ስናግሊ የተባለውን ማዘያ ሠራች፤ የፈጠራ መብቱን በ1969 አገኘች። በጀርመን ኤሪካ ሆፍማን መንታ ልጆቿን በላቲን አሜሪካ ሻሽ አስራ ስትዘዋወር ሰው እየጠየቃት ነው በ1972 ዲዲሞስ የተባለውን የማዘያ ድርጅት የመሠረተችው። የስዊድኑ ቤቢቢዮርን በቀጣዩ ዓመት የደረት ማዘያውን አወጣ። በ1981 ሃዋይ ውስጥ ሁለት ቀለበት ያለው የትከሻ ጨርቅ ተሠራ። የቻይናው ባለአራት ማሰሪያ፣ የኮሪያው ፖዴጊ፣ የጃፓኑ ኦንቡሂሞ፣ የሜክሲኮው ሬቦዞ፣ የምሥራቅ አፍሪካው ካንጋ ሁሉም ዛሬ በፋብሪካ ስም ይሸጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ ለእኛ አንቀልባ ቅርቡ ያለ ወገብ ቀበቶ ጀርባ ላይ የሚወጣው ኦንቡሂሞ ይመስለኛል።

ለመምረጥ መነሻው የልጁ ዕድሜ ነው። እስከ 3 እና 4 ወር ድረስ የሚመቸው 5 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ የሚለጠጥ ጥቅልል ጨርቅ ነው፤ አካሉን ዙሪያውን ይይዛል፤ ጭንቅላቱም ይደገፋል። ማሠሩ መጀመሪያ ያሰለቻል፤ ጫፉ መሬት ይጠርጋል፤ ዝናብ ባለበት ቀን መኪና ማቆሚያ ላይ ለመታጠቅ የሞከረ ያውቀዋል። ልጁ ሲከብድ ጨርቁ ይረግባል፤ ስለዚህ ለአንድ ወቅት የሚገዛ ዕቃ ነው። ባለ ቀለበቱ ፈጥኖ ለማውጣትና ለማውረድ ይመቻል፣ ግን ክብደቱን አንድ ትከሻ ብቻ ይሸከማል። ባለ ዘለበቱ ከሁሉም ረጅም ዕድሜ አለው፤ ብዙዎቹ ከ3.2 ኪሎ ገደማ ጀምሮ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ድረስ ይይዛሉ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን «ከተወለደ ጀምሮ» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የጨቅላ መደገፊያ ተጨማሪ ትራስ ወይም የሚጠብብ መቀመጫ ስለሚጠይቅ ነው። ሰልባጅ ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኘው ማዘያ አብዛኛውን ጊዜ ያች ትራስ ጠፍታበታለች።

ቀጥሎ የሚለካው ተሸካሚው ነው፤ ገዢው ሁሉ የሚረሳውም ይህንኑ ነው። የወገብ ቀበቶው ሆድ ላይ ሳይሆን የዳሌ አጥንት ላይ ተቀምጦ ክብደቱን መውሰድ አለበት፤ ትከሻ የሚይዘው ልጁ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ ብቻ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንገትና ትከሻ ካመመ፣ ወይ ቀበቶው ዝቅ ብሏል ወይ የጀርባ ማያያዣው ላልቷል። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ቁስሏ ላይ የሚያርፍ ቀበቶ አይስማማትም፤ ከፍ አድርጋ ማሠር ወይም ቀበቶ የሌለውን ጨርቅ መጠቀም ትችላለች። ባልና ሚስት ሊለዋወጡበት ከሆነ ሁለቱም ይለኩት፤ ለቀጭን ሴት የሚጠብቅ ማዘያ ለትልቅ ወንድ ዘለበቱ የማይደርስበት ጊዜ አለ። በአገራችን ልማድ አባት ልጅ አቅፎ ይታያል እንጂ አያዝልም ነበር። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለ አበሻ አባት ግን ልጁን ደረቱ ላይ አስሮ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ አዲስ አበባም ውስጥ እየታየ ነው። የሚሞከረው ደግሞ በአሻንጉሊት ሳይሆን ልጁ ጠግቦ በነቃበት ሰዓት፣ በራሱ በልጁ ነው።

ስለ ደህንነት ከሁሉ የሚቀድመው እስትንፋስ ነው። የጨቅላ የአየር ቧንቧ ቀጭንና ለስላሳ ነው፤ አገጩ ደረቱ ላይ ከተጣጠፈ ድምፅ ሳያሰማ ሊታፈን ይችላል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን በመጋቢት 2010 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ከትከሻ ጨርቆች ጋር የተያያዘ የ14 ሕፃናት ሞት በ20 ዓመት ውስጥ እንደተመዘገበ፣ 12ቱም ከ4 ወር በታች እንደነበሩ ገልጿል። አብዛኛው ችግር የመጣው ልጁ ከረጢት ውስጥ እንደገባ ዕቃ ተጠቅልሎ ከተኛበት አያያዝ ነው። ስለዚህ ልጁ ቀጥ ብሎ፣ ፊቱ እየታየ፣ አገጩ ከደረቱ ቢያንስ አንድ ጣት ርቆ፣ ግንባሩን ጎንበስ ብሎ ለመሳም በሚያስችል ከፍታ ይታሰር። ጀርባ ላይ ያለ ልጅ ፊቱ አይታይም፤ አንገቱ ሳይጠና፣ ባለ ዘለበቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ6 ወር በፊት ጀርባ ላይ አይውጣ የሚባለው ለዚሁ ነው። ጋቢውን በልጁ ራስ ላይ መድፋት ለእኛ የፍቅር ምልክት ቢሆንም አየር ይዘጋል፤ የሚታይ አፍንጫ ይኑር። ያለጊዜው የተወለደ ወይም ጉንፋን የያዘው ሕፃን ከመታሰሩ በፊት ሐኪም ይጠየቅ።

ለእናቶቻችን ልማድ ጠንካራ ትችት የሚነሣው ከማድ ቤት ነው። ልጅ አዝላ እንጀራ የምትጋግር እናት እጇ ነፃ ሆኖላታል፤ ሆኖም ልጁ ከጭሱ አልራቀም፣ የምጣዱ እንፋሎትና የቡናው ጀበናም ክንድ ሥር ናቸው። በጋምቢያ የተደረገ ጥናት ጭስ ባለበት ቤት እናት ስታበስል የታዘሉ ልጆችን የሳንባ ምች ተጋላጭነት መርምሯል፤ ሐኪሞች በእኛም አገር ይህንኑ ያስጠነቅቃሉ። ምድጃ ሲነድ ልጁን ለሌላ ሰው መስጠት ካልሆነም ማውረድ ነው። ማዘያ ውስጥ እያለ መኪና መንዳት ወይም ብስክሌት መጋለብ አይገባም። አውሮፕላን ላይም ማዘያ የመቀመጫ ቀበቶን አይተካም፤ በአሜሪካ ደንብ ሲነሣና ሲያርፍ አይፈቀድም።

ሙቀት ሌላው ነገር ነው። የታዘለ ልጅ የእናቱን ገላ ሙቀት ስለሚጋራ ማዘያው ራሱ እንደ አንድ ልብስ ይቆጠራል። በአዲስ አበባ የጠዋት ቅዝቃዜ ካልሲና ቆብ ይበቃል፤ በዱባይ ወይም በሪያድ በጋ ደግሞ ስስ ጥጥ እንጂ ስፖንጅ የበዛበት ማዘያ አይታሰብ። የቆዳው አንቀልባ ሙቀትን ቢይዝም ደጋው ላይ ይህ ድክመቱ ሳይሆን ጥቅሙ ነበር። ዝናብ ከነካው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ቅቤ መልሶ ያለሰልሰዋል። የጨርቁ ቢቆሽሽ ይታጠባል፣ ዘለበቱን ግን በሙቅ ውኃ ማፍላት አይመከርም። ያገለገለ ማዘያ ሲገዛ ስፌቱ ትከሻው ላይ እንዳልተተረተረ በደንብ ጎትቶ ማየት፣ ዘለበቱንም ከፍቶ ዘግቶ ጠቅ ማለቱን መስማት ይገባል።

በ1980ዎቹ በእግር ወደ ሱዳን የተሰደዱት የቤተ እስራኤል እናቶች ሕፃናቱን በረሃውን ያሻገሩት በጀርባቸው ነው። ዛሬ ማዘል ያን ያህል አይጠይቅም፤ መንገዱ ከታክሲ ተራ እስከ ክትባት ጣቢያ ነው። ልጁ ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሆነው ወርዶ መሄድ ይፈልጋል፤ ትንሽ ይሮጣል፣ ይደክመዋል፣ እጁን ይዘረጋል። ያን ጊዜ ማዘያው ቤት ቀርቷልና አባቱ እሽኮኮ ይለዋል።