አናሳ መንግሥት ምንድን ነው?

አንድ ተንታኝ ሰሞኑን «አናሳ መንግሥት ሕዝብ ያልመረጠው፣ ዛሬ ተቋቁሞ ነገ የሚወድቅ መንግሥት ነው» ሲል ሰማሁ። አናሳ መንግሥት ማለት ግን በፓርላማው ከግማሽ በላይ መቀመጫ የሌለው መንግሥት ማለት ብቻ ነው። ያ አባባል ሲደጋገም ዝም ብሎ ማለፍ ያስቸግራል፤ ሁለቱም ግማሾቹ ስሕተት ናቸውና።

በአንዳንድ አገሮች መንግሥት የፓርላማውን አብላጫ ድጋፍ አስቀድሞ በድምፅ ማረጋገጥ አለበት። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በነበሩት ስዊድን፣ ዴንማርክና ኖርዌይ ግን ይህ አልነበረም፤ አብላጫው ሊጥለው እስካልተባበረ ድረስ መንግሥቱ ይሠራል። ተንታኙ የዘለለው ይህንን ነው። በስዊድን ከ1920 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ማንም ፓርቲ አብላጫ ስላልነበረው፣ ማንም ብቻውን ሥልጣን ቢይዝ አናሳ ከመሆን አያመልጥም ነበር። ታዲያ የትኛውን ነው «ያልተመረጠ» የምንለው?

በ1926 የሶሻል ዴሞክራቱ ሪካርድ ሳንድለር መንግሥት በሥራ አጦች ጉዳይ ሲወድቅ፣ ሊበራሉ ካርል ጉስታፍ ኤክማን በቦታው ተተካ። ከፓርላማው ሁለት ምክር ቤቶች በሁለተኛው ከ230 መቀመጫዎች የሁለቱ ሊበራል ፓርቲዎች ድርሻ 33 ገደማ ነበር። (ይህን ቁጥር ብቻ የሚጠቅስ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ የመጀመሪያው ምክር ቤት እኩል ሥልጣን ነበረው፣ በበጀት ሲለያዩም የሁለቱ ድምፅ አንድ ላይ ይቆጠር ነበር።)

ስዊድኖች ኤክማንን «ባለ ሚዛን» ይሉት ነበር። ክብደታቸው የተቀራረበ ሁለት ጆንያ በሚዛን ግራና ቀኝ ሲቀመጥ፣ አንድ እፍኝ እህል ወደ ጨመሩበት ያዘነብላል። በ1927 ኤክማን እፍኙን ወደ ግራ ጨመረና የትምህርት ቤት ማሻሻያው ከሶሻል ዴሞክራቶች ጋር አለፈ። በ1928 ወደ ቀኝ አዞረውና የሠራተኛ ማኅበራት አጥብቀው የተቃወሙት የኅብረት ስምምነትና የሥራ ክርክር ፍርድ ቤት ሕግ ጸደቀ። እፍኙ ዋጋ የሚኖረው ግን ጆንያዎቹ ተመጣጥነው እስከቆዩ ድረስ ነው። በ1933 ሶሻል ዴሞክራቶች ከገበሬዎቹ ፓርቲ ጋር ሲስማሙ አንደኛው ጆንያ ብቻውን ከበደ፤ የሊበራሎቹ እፍኝም ሚዛኑን ማነቃነቅ አቃተው።

ስለ መውደቁም አንድ ነገር ልበል። በኖርዌይ የክርስቶፈር ሆርንስሩድ የሠራተኛ ፓርቲ አናሳ መንግሥት በ1928 ሳምንታት ብቻ ቆይቶ ወድቋል፤ ሌሎቹ ሊጥሉት ስለተባበሩ። ኤክማን ግን ከሁለት ዓመት በላይ ገዝቶ ከ1928ቱ ምርጫ በኋላ ለቀቀ፤ በ1930 ወግ አጥባቂው የሊንድማን መንግሥት ሲወድቅም ተመለሰ። ሁለተኛውን መንግሥቱን ያፈረሰውም የመቀመጫ ማነስ አልነበረም። የክብሪቱ ከበርቴ ኢቫር ክሮይገር በ1932 ራሱን ካጠፋ በኋላ፣ ኤክማን ከእሱ ለፓርቲው 50,000 ክሮነር መቀበሉ ተገለጠ። መጀመሪያ ክዶ ነበር፤ በነሐሴ ለቀቀ።